ያልተሰካው አምፖል

ሰገነት የበሽተኛ እጅ ትይዛለች። ቡታጅራ ውስጥ በእሷ ዘንድ የታከመ ሰው ሁሉ ስለ እሷ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ነው። ጉልበቴን አዳነችኝ፣ ወገቤን አቃናችልኝ ከማለቱ በፊት «እጄን ይዛ ትቀመጥ ነበር» ይላል።

የምትሠራው ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። ክፍሉ ጠባብ ነው። ሁለት አልጋ፣ አንድ የእጅ መታጠቢያ፣ ግድግዳው ላይ የተመታ የመለማመጃ መሰላል፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ጎማ ያለው የሙቀት ማሽን አለ። ባለሙያዎቹ ዳያተርሚ ይሉታል። ከማሽኑ ሁለት ወፋፍራም ገመዶች ይወጣሉ፤ ጫፋቸው ላይ ያሉት ሳህን መሰል ነገሮች ከታመመው ጉልበት ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ሲበራ እምም ይላል። እሳት የለው፣ ብርሃን የለው፤ ሙቀቱ ግን ቆዳውን አልፎ አጥንት ድረስ ይሰማል።

በሽተኞቹን የሚያስፈራቸውም ይኸው ነው። የማያዩት ነገር ሰውነታቸው ውስጥ ሲገባ ይታወቃቸዋል። በተለይ ከገጠር የሚመጡት እናቶች፣ ዕድሜ ልካቸውን እንሰት ሲፍቁ ጉልበታቸውና ትከሻቸው ያለቀ እናቶች፣ ማሽኑ እምም ማለት ሲጀምር ዓይናቸውን ጨፍነው ይንቀጠቀጣሉ። ሰገነት በርጩማዋን ስባ በማሽኑና በአልጋው መካከል ትቀመጥና እጃቸውን ትይዛለች። ሀያ ደቂቃ ሙሉ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ከብቶቻቸው፣ ስለ ገበያው እየጠየቀች ታስወራቸዋለች። በቀን ስምንት ሰው፣ አንዳንዴም ዘጠኝ።

ይህን ያስተማሯት ጋሽ ሸዋንግዛው ናቸው። ጋሽ ሸዋንግዛው የክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ ከደብረ ብርሃን ለሁለት ዓመት ብለው መጥተው ሀያ ስድስት ዓመት ቡታጅራ ቀርተዋል። መጀመሪያ በመንግሥት ቤት፣ አሁን በዚህ ክሊኒክ። ሰገነት ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ቀን አንዲት በሽተኛ ማሽኑን ፈርታ ከአልጋው ልትወርድ ስትል ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው «ማሽን ማብራት ማንም ይችላል። አንቺ የተማርሽው ለሰው ነው። አጠገባቸው ሁኚ፤ እጃቸውን ያዢ» አሏት። ከዚያን ቀን ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን አጉድላ አታውቅም።

በእነዚህ ስድስት ዓመታት ሰገነት አግብታለች። ባለቤቷ ምንተስኖት ወልቂጤ በሚገኝ አንድ ቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ያስተምራል፤ ሳምንቱን እዚያው ከርሞ ዓርብ ዓርብ ሁለት ሚኒባስ ቀያይሮ ይመጣል። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። የመጀመሪያው በአሥረኛው ሳምንት ነበር፤ ሁለተኛው በአሥራ አንደኛው። የመጀመሪያውን ጊዜ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶ ስለነበር የጠያቂ ብዛት አሳመማት። ሁለተኛውን ጊዜ ለእናቷና ለምንተስኖት ብቻ ተናገረች። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ዘጠኝ ሳምንት ሆኗታል። ለእናቷ እንኳ አልነገረችም።

ጥቅምት ላይ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት። የሕክምና ክፍሉ አምፖል ከተቃጠለ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ሰገነት ለአስተዳደሩ ሁለት ጊዜ ማመልከቻ ጽፋ ሰሚ ስታጣ ለምንተስኖት በስልክ ነገረችው። እሱም ከወልቂጤ ሲመጣ አንድ ረጅም ነጭ ፍሎረሰንት ገዝቶ በካርቶን ጠቅልሎ፣ ሚኒባስ ውስጥ በጉልበቱ መካከል አቁሞ ይዞት መጣ። እንዳይሰበርበት ተሳፋሪውን ሁሉ ሲለማመጥ ነው የደረሰው።

ክፍሉ ውስጥ እማማ ሀያቱ ነበሩ። እማማ ሀያቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ በባጃጅ የሚመጡ፣ ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀኝ ጉልበታቸው አልታጠፍ ያላቸው እናት ናቸው። ሰባተኛ ቀናቸው ነው፤ ፍርሃታቸው ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ነው። መስኮቱ ላይ መጋረጃ ተስቦ ክፍሉ ደብዘዝ ብሏል። ሰገነት በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ እጃቸውን ይዛለች፤ ማሽኑ እምም ይላል።

«መግባት ይቻላል?» አለ ምንተስኖት በሩን ከፈት አድርጎ።

«እማማ፣ ባለቤቴ ነው፤ አምፖል ሊቀይርልን ነው። ይግባ?»

«ይግባ እንጂ ልጄ። እግሬን ብቻ ሸፍኚኝ።»

ጭናቸውን በነጠላቸው ሸፈነችላቸው። ምንተስኖት አምፖሉን ከካርቶኑ አወጣ። መሰላል መሳይ ነገር ፍለጋ ዓይኑን ሲያንከራትት በአልጋውና በማሽኑ መካከል፣ ከሰገነት ጀርባ አለፈ። ያን ጊዜ በእጁ የያዘው አምፖል በራ።

የትም አልተሰካም። ገመድም የለውም። ሆኖም በራ፤ መጀመሪያ ጫፉ ወይን ጠጅ መሰለ፣ ከዚያ እስከ ወገቡ ድረስ ነጭ ሆነ። የሰገነትን ትከሻና ግማሽ ፊቷን አበራው።

«ቢስሚላህ!» ብለው ጮኹ እማማ ሀያቱ። እጃቸውን ከሰገነት እጅ መንጭቀው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ሰገነት ተነስታ ማሽኑን አጠፋች። አምፖሉም ወዲያው ጠፋ። ምንተስኖት አምፖሉን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። የኤሌክትሪክ አስተማሪ ነው፤ ያየው ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደበትም። አየሩ ውስጥ ያለው ኃይል ነው አምፖሉን ያበራው። መጀመሪያ አምፖሉን፣ ከዚያ ባዶውን በርጩማ፣ ከዚያ የሚስቱን ሆድ አየ።

«ሰጊ» አለ በቀስታ፣ «ሁልጊዜ እዚህ ነው የምትቀመጪው?»

ሰገነት ወደ እማማ ሀያቱ ጎንበስ ብላ «ምንም አይደለም እማማ፣ እርስዎን አይነካዎትም፤ ለዛሬ ይበቃናል» እያለች ሳህኖቹን ከጉልበታቸው ልታነሳ ሞከረች። ድምጿ እንደ ወትሮው ነበር። ጣቶቿ ግን የሳህኑን ክንድ ብሎን ማላላት አቃታቸው፤ ምንተስኖት መጥቶ ፈታላት።

ጩኸቱን ሰምተው ጋሽ ሸዋንግዛው ከቢሯቸው ብቅ አሉ። ምንተስኖት የሆነውን ነገራቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው «እሱማ የታወቀ ነው! ስንማር አስተማሪያችን አምፖል ይዞ እየዞረ ያሳየን ነበር፤ ጉድ እያልን እናጨበጭብ…» ብለው ጀመሩ። ቃሉን አልጨረሱትም። ሰገነት ግድግዳውን ተደግፋ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆማለች። እንዲህ መቆሟን ራሷም አላወቀችውም። ጋሽ ሸዋንግዛው አዩዋት፤ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። ተመልሰው ቢሯቸው ገቡ።

ያን ዕለት ማታ ባልና ሚስት እራት አቅርበው አልበሉም። ሰገነት ከክሊኒኩ መሳቢያ የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ ይዛ መጥታ ነበር፤ ስድስት ዓመት ከነላስቲኩ የተቀመጠ ነው። ምንተስኖት አጠገቧ ተቀምጦ አብሯት ገለጠ። አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ አንድ ሰው ከማሽኑ ራቅ ብሎ የቆመበት ሥዕል አለ። ማሽኑ ሲሠራ ባለሙያው ከገመዶቹ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ማሽኑን አታንቀሳቅስ።

«ተምሬዋለሁ እኮ» አለች ሰገነት። «ሦስተኛ ዓመት እያለን። ፈተና ላይ መጥቶ መልሼዋለሁ። አንድ ሜትር ብዬ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ።»

«ማንም አላስታወሰሽም።»

«እኔ ራሴስ? ሰው ሲፈራ ሳይ ከጭንቅላቴ ወጣ። አንድም ቀን ትዝ አላለኝም፣ ምንተስኖት። አንድም ቀን።» መጽሐፉን ዘጋችና «ሁለቱን እኔ ነኝ እንዴ?» አለች።

ምንተስኖት አቀፋት፤ እሷ ግን አላለቀሰችም። ሰውነቷ እጁ ውስጥ እንደ እንጨት ደርቆ ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት የምትከታተላት የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ዶክተር ሲፈን ቀጠን ያለች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ረጋ ብላ ነው ያዳመጠቻቸው።

«ሁለቱን ያጣሽው በማሽኑ ነው ብልሽ እዋሻለሁ» አለች። «አይደለም ብዬ ብምልልሽም እዋሻለሁ። የተጠኑ ነገሮች አሉ፤ ውጤታቸው ግን አንድ አይደለም። አንዱ ጉዳት አለው ይላል፣ ሌላው አላገኘሁም ይላል። ደግሞ ብዙ ጽንስ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይወርዳል። ስለ ትናንቱ ማንም ሊነግርሽ አይችልም። የነገው ግን ቀላል ነው፤ ከእሱ ራቂ። መራቅ ምንም አያስከፍልሽም።»

ከዚያ አልጋው ላይ አስተኝታ በአልትራሳውንድ አየቻት። የልብ ምቱ በክፍሉ ውስጥ ተሰማ፤ ፈጣን፣ የሚሮጥ ዓይነት። ምንተስኖት ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አዳመጠው።

ሰኞ ጠዋት ሰገነት ክሊኒኩ ስትደርስ ጋሽ ሸዋንግዛው ቀድመዋት ገብተው ነበር። በርጩማው ከቦታው የለም። ማሽኑ ከግድግዳ ተነቅሏል፤ ገመዶቹ ተጠቅልለው ላዩ ላይ ተቀምጠዋል። እሳቸው ጋውናቸውን ሳይለብሱ፣ በኮታቸው፣ የበሽተኛው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ደህና አደሩ? ምን ሆነዋል?»

«ተቀመጪ ሰገነት።»

ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«አንቺ እስክትነግሪኝ ልጠይቅሽ አልፈልግም፤ አልጠይቅሽም። ግን ያን ጊዜ… ሁለት ጊዜ ታመምኩ ብለሽ ፈቃድ የወሰድሽ ጊዜ… ያው፣ እኔም ሚስት አለችኝ፣ ይገባኛል። ያኔም ገብቶኛል።» በአገጫቸው ወደ ማሽኑ አመለከቱ። «አጠገባቸው ተቀመጪ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ደንቡን አውቀው ነበር። አስተማሪዬ በአምፖል አሳይቶኛል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሀያ ስድስት ዓመት እኔም እየተቀመጥኩ፣ ምንም ሳልሆን ስኖር፣ ምንም የለውም ብዬ ዘነጋሁት። ለአንቺም ሳልነግርሽ ቀረሁ። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ባለቤቴን መንበረን ጠይቂያት።»

ሰገነት በሁለቱ ቀናት ውስጥ በእሳቸው ተናዳ ነበር። ቅዳሜ ማታ ብቻዋን ሆና ልትላቸው የምትችለውን ሁሉ በልቧ ብላለች። አሁን ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ስታያቸው ያ ሁሉ የት እንደገባ ጠፋባት።

«ሐኪሟ አይታወቅም ብላለች ጋሼ። በዚህ ነው ማለት አይቻልም ብላኛለች።»

«አይደለም ብላለች?»

«እሱንም አላለችም።»

አንገታቸውን ደፉ። ሰገነት ከተቀመጠችበት ተነስታ አጠገባቸው አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ ለበሽተኞቿ እንደምታደርገው እጃቸውን ያዘች። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። እንዲሁ የመጀመሪያው በሽተኛ በሩን እስኪያንኳኳ ቆዩ።

«ከዛሬ ጀምሮ ማሽኑን የምነካው እኔ ነኝ» አሉ ሲነሱ። «አንቺ እሱ ሲበራ እዚህ ክፍል ውስጥ አትኖሪም። እዚህ ደግሞ አይቆይም፤ ኋላ ያለው ዕቃ ቤት ይግባ። ደበሌን አናግረዋለሁ።»

አቶ ደበሌ የክሊኒኩ አስተዳዳሪ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር ግን ከሥራ ቦታቸው የሚነሳ ማንኛውም ጥያቄ ተንኮል ይመስላቸዋል። ጋሽ ሸዋንግዛውና ሰገነት ከሰዓት በኋላ ቢሯቸው ገብተው ጉዳዩን ሲነግሯቸው ሳይጨርሱ እጃቸውን አነሱ።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዓርብ ዕለት አንዲት በሽተኛ ጮኸች ተብሎ በከተማው እየተወራ ነው። ማሽኑ መብራት ያፈልቃል እየተባለ ነው። አሁን ደግሞ እናንተ መሬት ላይ መስመር አስምራችሁ፣ ማስጠንቀቂያ ለጥፋችሁ… ማን ይመጣል? ሰው ይሸሻል። ለበሽተኛ ጥሩ የሆነ ማሽን ለእናንተ መጥፎ የሚሆነው እንዴት ነው?»

«በሽተኛው በወር አሥር ቀን ሀያ ሀያ ደቂቃ ነው የሚያገኘው» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው። «እሷ ቀኑን ሙሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ነው።»

«እርስዎ ስንት ዓመት ሠሩ? ምን ሆኑ?»

ጋሽ ሸዋንግዛው መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ሰገነት ቀደመቻቸው። ልትናገር አላሰበችም ነበር። አሥራ ሁለተኛው ሳምንት እስኪያልፍ ለማንም ላትናገር ለራሷ ቃል ገብታለች፤ ከተናገረችው የሚያመልጣት ይመስላታል። ነገር ግን ቃሉ ከአፏ ወጣ።

«አቶ ደበሌ፣ እኔ ነፍሰ ጡር ነኝ። ዘጠኝ ሳምንት ተኩል ሆኖኛል። ከዚህ በፊት እዚህ እየሠራሁ ሁለት አጥቻለሁ። በማሽኑ ነው አልልም፤ ማንም አያውቅም። ግን ይሄኛውንም ባጣ፣ በሚቀጥለው ዓመት እዚህ ቢሮ መጥቼ በማሽኑ ይሁን አይሁን ብዬ ማሰብ አልፈልግም። መመሪያው አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ አለ። አንድ ክፍል ነው የምንጠይቀው። አሮጌ ዊልቸር የተከመረበት አንድ ክፍል።»

አቶ ደበሌ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ወደ መስኮቱ ዞር አሉ፤ ከመስኮቱ ማዶ አንድ ባጃጅ በሽተኛ እያወረደ ነበር።

«ስንት ሜትር ነው የሚያስፈልጋችሁ?» አሉ በመጨረሻ፣ ወደነሱ ሳይዞሩ።

ዕቃ ቤቱን ለማጽዳት ሁለት ቀን ፈጀ። የተሰበሩት ዊልቸሮች ወደ ጓሮ ወጡ። ምንተስኖት በሚቀጥለው ዓርብ መጥቶ መስመሩን ዘረጋ፤ ማብሪያና ማጥፊያውን ከበሩ አጠገብ አደረገው። ብረት የማሽኑን ኃይል ስለሚስብ የብረቱን አልጋ ትተው የእንጨት አልጋ አስገቡ። ጋሽ ሸዋንግዛው በሜትር ለክተው ወለሉ ላይ ቢጫ ፕላስተር ለጠፉ፤ ማሽኑ እየሠራ ራሳቸውም ከዚያ አያልፉም። በሩ ላይ በእጅ ጽሑፋቸው «ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ልብዎ ላይ መሣሪያ ከተደረገልዎ ሳይገቡ ይንገሩን» ብለው ጻፉ። መመሪያው በነበረበት መሳቢያ ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር አገኙ፤ ከማሽኑ ጋር የመጣ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ቁልፍ ያለበት ቀጭን ሽቦ። በሽተኛው በእጁ ይዞ፣ ከፈራ ወይም ካቃጠለው ራሱ የሚያጠፋበት ነው። ስድስት ዓመት ማንም አልፈታውም።

እማማ ሀያቱ ከዚያ ዓርብ ወዲህ ሳምንት ሙሉ ቀሩ። ሲመጡም በልጃቸው ጉትጎታ ነው። አዲሱን ክፍል አይተው ፊታቸው ተቀየረ። ሰገነት ጉልበታቸውን በእጇ አሻሽታ፣ ዘርግታ፣ አጥፋ ስትጨርስ ጋሽ ሸዋንግዛው ሳህኖቹን አስተካከሉና ሰገነት ወጣች። ማሽኑ እምም ማለት ሲጀምር ከውስጥ የእማማ ሀያቱ ድምፅ ተሰማ።

«ልጅቷ የት ሄደች?»

«እዚሁ ናት እናቴ፤ በሩ ጋ ናት።»

«ለምን አትመጣም? ባለፈው ስለጮህኩባት ነው? ተቀየመችኝ?»

ሰገነት በተከፈተው በር በኩል፣ ከመስመሩ በብዙ እርምጃ ርቃ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። «አልተቀየምኩም እማማ!»

«እና ምነው ራቅሽኝ? እጄን ጸየፍሽው?»

ጋሽ ሸዋንግዛው ሰገነትን አዩ። ልንገራቸው ወይስ አልንገራቸው የሚል አስተያየት ነበር። ሰገነት ራሷ ተናገረች፤ በተከፈተ በር፣ ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች እየሰሙ።

«ሆዴ ውስጥ ልጅ አለ እማማ። ማሽኑ ሲበራ መቅረብ አይገባኝም። ለእርስዎ ችግር የለውም፤ ለእኔ ነው።»

እማማ ሀያቱ በእጃቸው የያዙትን ቀይ ቁልፍ ተጫኑት፤ ማሽኑ ፀጥ አለ።

«ነይ» አሉ። «ጠፍቷል። ነይ ወደኔ።»

ሰገነት ገባች። አሮጊቷ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉና ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙ። መዳፋቸው ሻካራ ነበር፤ የእንሰት መፋቂያ የኖረበት መዳፍ።

«እኔ ሦስት አጥቻለሁ» አሉ። «የዛሬ አርባ ዓመት። ከዚያ አምስት ወለድኩ፣ አልሀምዱሊላህ። ሦስቱን ግን ዛሬም አውቃቸዋለሁ፤ በየትኛው ወር እንደሄዱ አውቃለሁ። አንቺስ አጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሁለት።»

«አለቀስሽላቸው?»

«አላለቀስኩም እማማ።»

«እህ» አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው በሹክሹክታ ዱዓ አደረጉላትና ግንባሯን ሳሟት። «በይ ውጪ አሁን። ማሽኑን ላስበራው ነው። ይቺን ቀይዋን ከያዝኩ እኔው ነኝ አለቃው፤ ምን ያስፈራኛል?» ጋሽ ሸዋንግዛው ሳቁ። አምፖሉ ከበራበት ዓርብ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ይህን መልክ ያዘ። ሰገነት ከማሽኑ በፊትና ከማሽኑ በኋላ በሽተኞቿን በእጇ ታክማለች። ማሽኑ ሲበራ ኮሪደሩ ላይ ወንበሯን ይዛ ተቀምጣ በተከፈተው በር በኩል ታስወራቸዋለች። ድምጿን ከፍ ማድረግ ነበረባት፤ ስለዚህ የአንዱ የቤት ወሬ የሁሉም ወሬ ሆነ፤ ተራ የሚጠብቁትም እየገቡበት ኮሪደሩ ይሞቃል። እማማ ሀያቱ ሕክምናቸውን ከጨረሱ በኋላ እንኳ ለገበያ ከተማ በመጡ ቁጥር ጎራ እያሉ፣ ፈሪ ካገኙ «ቀዩን ያዝ፣ አትፍራ» ይላሉ። አቶ ደበሌ የፈሩት አልደረሰም፤ ሰው አልሸሸም። የማሽኑ ክፍል በር ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ አንብባ፣ ነገሩን ቀድማ የተናገረች አንዲት ነፍሰ ጡር በሽተኛ ስትመጣ ራሳቸው ይዘዋት መጥተው በኩራት ለጋሽ ሸዋንግዛው አስረከቧት።

አሥረኛው ሳምንት አለፈ። አሥራ አንደኛው ሲገባ ሰገነት መጸዳጃ ቤት በገባች ቁጥር ልቧ ይቆማል። ምንተስኖት ከወልቂጤ ጠዋት ማስተማር ከመጀመሩ በፊትና ምሳ ሰዓት ላይ ይደውላል። ስለ አየሩ፣ ስለ ተማሪዎቹ ያወራል፤ ዋናውን ጥያቄ አይጠይቅም። እሷም «ደህና ነን» ብላ ስልኩን ስትዘጋ ያ መልስ ይሆነዋል። አሥራ ሁለተኛው፣ አሥራ ሦስተኛው ሳምንት አለፈ። አሥራ ስምንተኛው ላይ ልጁ ሲንቀሳቀስ ተሰማት፤ የአንድ ሽማግሌ ትከሻ እያሸች ነበር፤ እጇን ሳታነሳ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ሽማግሌውም «ምነው፣ አመመሽ?» አሏት። «አይ፣ አላመመኝም» አለች።

ግንቦት ላይ፣ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት፣ ሴት ልጅ ወለደች። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። ዶክተር ሲፈን ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስተኝታላት፣ የሰገነትን እግር በብርድ ልብስ ሸፍና ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ሰው ሞላ። እናቷ ከሶዶ መጥታ የቡላ ገንፎ ታገነፋለች። እማማ ሀያቱ በባጃጅ አንድ ጆንያ ቆጮና በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው መጡ፤ ጉልበታቸውን አጠፍ ዘርጋ እያደረጉ ለሰው ሁሉ አሳዩ። ጋሽ ሸዋንግዛው ከወይዘሮ መንበረ ጋር መጥተው ሕፃኗን ሲሰጧቸው እንደ ጀማሪ አባት ተጨነቁ፤ ካቀፏት በኋላ ግን መልሱ ቢባሉም ቶሎ አልመለሱም። በመጪው ዓመት ጡረታ ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት ለአዲስ ባለሙያዎች ማስተማሪያ የምትሆን አንዲት ገጽ እየጻፉ እንደሆነ፣ ስትድን እንድታርምላቸው ለሰገነት ነገሯት።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ቤቱ ፀጥ አለ። ሕፃኗ ጠብታ ተኝታለች። ከውጭ የሚያልፉ ባጃጆች ድምፅ ይሰማል። ሰገነት ልጇን እያየች ሳለ እንባዋ ጀመረ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነበር፤ ከዚያ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰች። ምንተስኖት ከወጥ ቤት ሮጦ መጣ።

«ምን ሆንሽ? አመመሽ? ልጅቷ…»

«ልጅቷ ደህና ናት።» ቃሉን ለማውጣት ታገለች። «እነዚያ ሁለቱ ናቸው። እንደዚህ ይሆኑ ነበር። እንደዚህ ጣት ይኖራቸው ነበር። እስከ ዛሬ አላወቅኩም ነበር፣ ምን እንዳጣሁ አላወቅኩም ነበር።»

ምንተስኖት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አይዞሽ አላላትም። ሕፃኗ እንዳትነቃ ተጠንቅቆ አጠገቧ ተጋደመና ራሱን ትከሻዋ ላይ አደረገ።

«የመጀመሪያው ወንድ ይመስለኝ ነበር» አለ። እሱም ማልቀስ ጀመረ። «ነግሬሽ አላውቅም።»

«ለእኔም ወንድ ይመስለኝ ነበር።»

«ሁለተኛዋስ?»

«ሴት።»

«ለእኔም።»

እናቷ የገንፎውን ሳህን ይዛ በሩ ላይ ደረሰች። ሁለቱም ሲያለቅሱ አይታ ልትገባ አልደፈረችም። ገንፎው እንዳይቀዘቅዝ በክዳን ሸፍና ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች።